እርከኔ ለምን ተደረመሰ?

ጥያቄ፦ የበቆሎ ማሳዬ ጅማ አካባቢ ቀርሳ ነው፤ ተዳፋትነቱ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጥር ላይ በዓይን ግምት የአፈር እርከን ሠራሁ። ሐምሌ ላይ መሀሉ ተደርምሶ ሰብሉን ጠረገው። ከፍታውን ብጨምርለት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መጀመሪያ የፈረሰበትን ቦታ ጎንበስ ብለው ይዩት። አናቱ ደህና ሆኖ ከሥሩ ቀዳዳ ካለ፣ ጥፋቱ የፍልፈል ጉድጓድ ወይም ከእርከኑ ሥር የተቀበረ የበቆሎ አገዳ ነው፤ አገዳው ሲበሰብስ ለውሃ መሹለኪያ ይተዋል። እርከኑ የሚያርፍበት መሬት ከገለባና ከሣር ጸድቶ በዶማ መጫር ነበረበት።

አናቱ ከተበላ ግን ውሃው በላዩ ፈስሷል። የእርስዎም ይህ ይመስለናል፤ በዓይን ግምት የተሠራ እርከን መሀሉ ትንሽ ከጎደጎደ ውሃው ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ውሃ አግቶ የሚያስቀር ደልዳላ እርከን ዝናብ ለሚያጥረው አገር ነው። የጅማ እርከን ውሃውን በቀስታ ወደ ጎን መሸኘት አለበት፦ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ።

ለልኬቱ ሁለት ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎና የገመድ ውሃ ልክ (ሲባጎ ላይ የሚሰቀል ባለ አረፋ መለኪያ) ይበቃዎታል። ሲባጎውን በመነሻው ዘንግ 100፣ በመውጫው በኩል ባለው ዘንግ 105 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰሩት። ውሃ ልኩን በትክክል 5ኛው ሜትር ላይ ሰቅለው፣ አረፋው መሀል እስኪገባ የመውጫውን ዘንግ ወደ ዳገት ወደ ቁልቁለት ያንቀሳቅሱ፤ የቆመበት ላይ ካስማ ይትከሉ።

ከእርከኑ በላይ በኩል ውሃውን የሚሸኘው ቦይ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር። ከቦዩ ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ ትከሻ ትተው አፈሩን ወደ ቁልቁለቱ ይደርድሩ፤ የእርከኑ ልክ በሳንቲ ሜትር፦ ሥሩ 100፣ አናቱ 30፣ ቁመቱ ተጠቅጥቆ 60። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይጠቅጠቁት፤ ያልተጠቀጠቀ አፈር ዝናብ ሲመታው ቁጭ ይላል። በእርስዎ ተዳፋት ከእርከን እስከ እርከን 15 ሜትር፣ የአንዱ ርዝመትም ከ100 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

መውጫው ሣር የለበሰ መፋሰሻ ይሁን፤ ሣሩ ከእርከኑ አንድ ክረምት ቀድሞ መያዝ አለበት፤ አለዚያ መፋሰሻው ራሱ ቦረቦር ይሆናል። ጎርፉ ከማሳዎ በላይ ካለ ዳገት የሚመጣም ከሆነ ከማሳው ራስ ላይ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። የሚለቁት ውሃ የጎረቤት መሬት የሚነካ ከሆነ ግን ዶማ ከማንሳትዎ በፊት ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ በእርከኑ ላይ ምን ሣር ልትከል?

መልስ፦ ለመኖ ደሾ። ከአዝመራ በኋላ ከብት የሚለቀቅበት ማሳ ከሆነ ግን ቬቲቨር ይሻላል፤ የጠነከረ ቅጠሉን ከብት እምብዛም አይደፍረውም። ከነሥሩ የተገነጠለውን የሣር ግንጣይ ዝናቡ ሲይዝ፣ በ10 እና በ15 ሳንቲ ሜትር መካከል አራርቀው ይትከሉት።