ተገልብጦ የታተመው የሐማርሾልድ ቴምብር፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት የዳግ ሐማርሾልድን መታሰቢያ ቴምብር ፎቶ አሳይቻችሁ ነበር። ይህን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉም አብልጬ የማወራው ግን ስለዚህች ባለ 4 ሳንቲም ወረቀት ነው። በሉ እንጀምር። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥቅምት ስል ኦክቶበር፣ ኅዳር ስል ኖቬምበር ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ስዊድናዊ ነው። አሜሪካኖች ለምን ቴምብር አተሙለት?

ሐማርሾልድ ከ1953 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነበር። በመስከረም 1961 የኮንጎን ጦርነት ለማስቆም ከኮንጎ ከተገነጠለችው ከካታንጋ ግዛት መሪ ከቾምቤ ጋር ሊነጋገር ሲሄድ፣ የዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ እንዶላ አጠገብ አውሮፕላኑ ወደቀ። አብረውት የነበሩትን ጨምሮ 16 ሰው አለቀ። የአደጋው ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሞተ በኋላ ተሰጠው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ኒውዮርክ ስለሆነ አሜሪካም መታሰቢያ አወጣችለት። ቴምብሩ ለሽያጭ የቀረበው ጥቅምት 23 ቀን 1962 ነው። የሰውየው ፊትና የድርጅቱ ሕንፃ አለበት። ቀለሞቹ ጥቁር፣ ቡናማና ቢጫ ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተገለበጠ» ትላለህ፤ እኔ ግን ፎቶው ላይ ምንም የተገለበጠ ነገር አላየሁም። ዓይኔ ነው?

ዓይንሽ ደህና ነው፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል። ፊቱ ቀጥ ብሏል፣ ሕንፃውም ቆሟል፣ ጽሑፉም ይነበባል። የዞረው ቢጫው ብቻ ነው። ቢጫው ለብቻው ነው የሚታተመው። ስለዚህ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ማተሚያ ውስጥ ይገባል። አንዱ ወረቀት በሁለተኛው ዙር ዞሮ ገባ። በዚህ የተነሳ ነጭ መቅረት የነበረበት ቦታ ቢጫ ለበሰ፤ ነጩ ደግሞ ያለ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ።

እኔ ትክክለኛውንና የተገለበጠውን ጎን ለጎን አድርጌ ነው የማስቀምጠው። አንዱን ብቻ ካየህ የሕትመት ጥራት ጉድለት ትለዋለህ። ሁለቱን ስታይ ግን ወዲያው ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ማን አገኘው?

ሊዮናርድ ሸርማን ይባላል፤ ኒው ጀርሲ፣ ኧርቪንግተን የሚኖር የጌጣጌጥ ነጋዴና ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። ከፖስታ ቤት 50 ቴምብር ያለበትን ሉክ ገዛ። የከፈለው በጠቅላላ 2 ዶላር ነው። ቤቱ ገብቶ ሲያየው ቢጫው ዞሯል። እስቲ አስቡት፤ ሰብሳቢ ዕድሜ ልኩን የሚመኘው ነገር እጁ ላይ ነው ያለው! ኦሃዮ ውስጥም ሌላ ሰው ደርሶት ነበር። እሱ ግን ነገሩ እስኪገባው ድረስ የተወሰኑትን ደብዳቤ ላይ ለጥፎ ልኳቸዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሚሊየነር ሆነ?

አልሆነም። የዚህ ቴምብር ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወሬው በጋዜጣ ወጣ። በጊዜው የአሜሪካ ፖስታ ቤት የበላይ ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ዴይ ሲሰማ፣ ስህተቱ ሆን ተብሎ በብዛት እንዲታተም አዘዘ። ፖስታ ቤት የሎተሪ ድርጅት አይደለም ነው ነገሩ። በኅዳር 16 ቀን 1962 ቢጫው የዞረበት አዲስ ሕትመት ለሕዝብ ቀረበ። ብዛቱ ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። ሸርማን ፍርድ ቤት ሮጠ፤ ግን ሲደርስ ሽያጩ ተጀምሯል። ውድ የነበረው ነገር በአንድ ሌሊት ተራ ሆነ። ዛሬ ይህን ሁለተኛ ሕትመት በጥቂት ሳንቲም ታገኙታላችሁ። የእኔም ከዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ሉኩን ምን አደረገው? ሸጠው?

አልሸጠውም። 25 ዓመት አስቀምጦ በ1987 ለአሜሪካ የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር በስጦታ ሰጠው። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። የተቆጣ ሰው ነበር፣ ፖስታ ቤቱንም ከስሶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ንብረቱን ሁሉም እንዲያየው አደረገ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነት ንገረን። ኃላፊው ልክ ነበር?

ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። በአንድ በኩል ለድሃ ሰብሳቢ በር ከፈተ። በልጅነቴ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ቴምብር ማግኘት አልችልም ነበር፤ ይህን ግን አገኘሁ። በሌላ በኩል ሰውየው አልሰረቀም፣ አላጭበረበረም። ከመስኮት ላይ ከፍሎ ገዛ። ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ ነው። የራስህን ስህተት ለማረም ብለህ የሌላውን ዕድል ማጥፋት አግባብ አይመስለኝም። አሁን የምለው ይህንን ነው፦ ሸርማን ተበድሏል።

ደግሞ ይህንን ስሙ። በ2013 የዚያው አገር ፖስታ ቤት የታወቀውን የተገለበጠውን አውሮፕላን ቴምብር በ2 ዶላር ዋጋ ደግሞ አወጣ። 2.2 ሚሊዮን ሉክ ታተመ። ከእነዚህ ውስጥ 100 ሉክ ላይ አውሮፕላኑን ሆን ብለው ቀጥ አድርገው ደባለቁት፤ ዕድለኛ ያግኘው ብለው። ከዚያ 50 ዓመት ቀደም ብሎ አይሆንም ያሉትን ሎተሪ ራሳቸው አወጡት ማለት ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ የተገለበጠው አውሮፕላን የምትለው የትኛው ነው?

የ1918ቱ፣ ባለ 24 ሳንቲሙ። አንድ ሰው ዋሽንግተን ውስጥ 100 ቴምብር በ24 ዶላር ገዝቶ ሉኩን በ15,000 ዶላር ሸጠው። ያኔ ማንም ደግሞ አላተመበትም። እሱ ግን የአየር ፖስታ ቴምብር እንጂ መታሰቢያ አይደለም። ከመታሰቢያዎቹ ተርታ ስሙ የሚነሳው የካናዳው የ1959ኙ የሴንት ሎረንስ ቴምብር ነው፤ ባለ 5 ሳንቲም፣ መሐሉ የተገለበጠ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ጥያቄ፦ ሐማርሾልድ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

እንዴታ! የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው በእሱ ዘመን በ1958 ነው፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ሆነ። የመጀመሪያው ጉባኤ ሲከፈት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ደግሞ እሱ በሞተበት የኮንጎ ጉዳይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ከ1960 ጀምሮ የዘመቱ ወታደሮቻችን ነበሩ። አባቱ ወይም አያቱ ኮንጎ የዘመተ ሰው ከእናንተ መሐል አይጠፋም። ይህንን ቴምብር ከሌላው አብልጬ የምወደው ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ አጎት አሜሪካ ይማሩ ነበር። የዚያ ዘመን ደብዳቤዎች ቤታችን ውስጥ አሉ። የመጀመሪያው ስህተት ቢኖርበትስ? በምን አውቃለሁ?

ያልተለጠፈውን የመጀመሪያና የሁለተኛ ሕትመት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ማስረጃው የፖስታ ቤቱ ማህተም ላይ ያለው ቀን ነው። ቢጫው የዞረ ሆኖ ማህተሙ ከኅዳር 16 ቀን 1962 በፊት ከሆነ የመጀመሪያው ነው። እንደዚያ ያለ ፖስታ በጣም ብርቅ ነው። 4 ሳንቲም ያኔ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደብዳቤ ዋጋ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ አይበቃም። ስለዚህ ከሌሎች ቴምብሮች ጋር ተደርድሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም እዪ።

አደራ፣ ቴምብሩን ከፖስታው እንዳትላጪው። ውኃ ውስጥም እንዳትነክሪው። ማህተሙ ከተቆረጠ ማስረጃው ሄደ ማለት ነው። ፖስታውን እንዳለ መስኮት አጠገብ አድርጊና፣ ቴምብሩና ቀኑ አንድ ላይ እንዲታዩ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።