«ክምችት አለ» ወይስ «ክምችት ይኖራል»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው። አንድ አነስተኛ የማዕድን ፍለጋ ኩባንያ አክሲዮን ሊሸጥልን በአማርኛ ያዘጋጀው ወረቀት ደርሶኛል። «በቁፋሮ 12 ሜትር ውፍረት ያለው፣ በቶን 4 ግራም የሚሰጥ የወርቅ ክምችት ተገኝቷል» ይላል። «ክምችት» ሲባል ተለክቶ ያለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ ለአማርኛ ጆሮ እንደዚያ ነው የሚሰማው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ገበሬ አከማቸ የሚባለው እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው። ያልተወቃው ክምር ነው የሚባል፤ ማሳ ላይ የቆመውንማ ክምችት የሚል የለም። በማዕድን ሙያ ግን ሁለት ነገር አለ። አንዱ በናሙናና በስሌት ከመሬት በታች እንዳለ የተገመተው ነው፤ እርግጠኝነቱም በሦስት ደረጃ ይከፈላል። ሌላው ተቆፍሮ ቢወጣ እንደሚያዋጣ የተጠናለት ነው። የካናዳና የአውስትራሊያ የሪፖርት ደንቦች ሁለቱን መደባለቅ ይከለክላሉ። ካናዳ ደንቧን ያጠበቀችው፣ ብሪ-ኤክስ የተባለው ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አገኘሁት ያለው ወርቅ ናሙናው ላይ የተነሰነሰ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጋለጠ በኋላ ነው። በእኛ ዜናዎች ሁለቱም «ክምችት» ሲባሉ እሰማለሁ። እኔ የፊተኛውን «የተገመተ የማዕድን ሀብት»፣ የኋለኛውን ብቻ «ክምችት» ብንለው እመርጣለሁ።

እርግጠኝነትን ለመለየት አማርኛ ቃል አያጥረውም። ደሴ ላይ የደላንታ ኦፓል የሚሸጥ ሰው ያልተከፈተ ድንጋይ ይዞ «ውስጡ ቀለም ይኖረዋል» ይላል። ጫፉ ተፈልፍሎ እሳት የመሰለው ቀለም ብልጭ ሲል ነው «አለው» የሚለው፤ ዋጋውም ያኔ ይለወጣል። በመካከል «ሳይኖረው አይቀርም» የሚባልም አለ። ከጥቂት ጉድጓድ የተገኘ ውጤት ቢበዛ «ይኖራል» ቢያሰኝ ነው፤ «ክምችት ተገኝቷል» አያሰኝም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን «ውፍረት» ነው። 12 ሜትሩ መሰርሰሪያው ወርቅ ባዘለው አለት ውስጥ የተጓዘበት ርዝመት ሊሆን ይችላል። አለቱን በሰያፍ፣ በ30 ዲግሪ ከቆረጠው እውነተኛው ውፍረት 6 ሜትር ብቻ ነው፤ ግማሹ ማለት ነው! ርዝመትን ውፍረት ብሎ መተርጎም የሰው ጥሪት ያስበላል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቋቸው፦ 12 ሜትሩ ርዝመት ነው ወይስ ውፍረት? ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ? ባዶ የወጡትስ ስንት ናቸው?