መልስ፦ ቴድ ተርነር 1 ቢሊዮኑን በእርግጥ ከፍሏል?

ጥያቄህ «የዜና ጣቢያው ሲኤንኤን መሥራች ተርነር ለተመድ ቃል የገባውን 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል? ገንዘቡስ በቀጥታ ለተመድ ገባ?» የሚል ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከፍሏል፤ ግን በአንድ ቼክ አይደለም። ቃሉን የገባው በመስከረም 1997 ሲሆን ዕቅዱ በዓመት 100 ሚሊዮን ለ10 ዓመት መክፈል ነበር። በቀጥታም ለተመድ አልገባም፤ በአሜሪካ የግብር ቅናሽ የሚያሰጠው ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ስጦታ ስለሆነ፣ በ1998 የተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽን የሚባል የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። ተመድም ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ፕሮጀክቶች የሚያደርስ የራሱን ቢሮ ከፈተ።

ችግሩ የመጣው ከሀብቱ ዓይነት ነው። የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያው ታይም ዋርነር በ1996 የተርነርን የቴሌቪዥን ኩባንያ ሲጠቀልል ለተርነር የደረሰው በአብዛኛው አክሲዮን ነበር። ታይም ዋርነር በ2001 ከኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል ጋር ያደረገው ውህደት ሲከሽፍ የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ የተርነርም ሀብት አብሮ ተነነ። ቃሉን ግን አላጠፈም። የክፍያውን ጊዜ አራዝሞ በ2015 አጠናቀቀ። ለእኔ ከቃሉ ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሀብቱ ከየት መጣ ላልከው፦ በ1970 አትላንታ ውስጥ ኪሳራ ላይ የነበረውን ቻናል 17 ገዛ። በታኅሣሥ 1976 ሥርጭቱን በሳተላይት ለመላ አገሪቱ የኬብል ድርጅቶች ለቀቀ፤ የአንድ ከተማ ጣቢያ በአንድ ጊዜ አገር አቀፍ ማስታወቂያ መሸጥ ቻለ። ሲኤንኤን ሰኔ 1 ቀን 1980 የተከፈተው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።