የዊቲዛ ወርቅ ነጣ ማለቱ ብቻ አያስጥለውም

«ስፔንን ይገዙ በነበሩት በቪዚጎቶች ንጉሥ በዊቲዛ ስም የተመታ፣ ትሬሚሲስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም ሊሸጡልኝ ነው፤ ወርቁ ግን ወደ ብር ነጣ ብሏል። ሐሰተኛ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ በቀለሙ ብቻ አይጣሉት። ከ702 እስከ 710 እ.ኤ.አ. ብቻውን የነገሠው የዊቲዛ ሳንቲም ቢጫው ደምቆ ቢገኝ ነበር ይበልጥ የሚያጠራጥረው።

ትሬሚሲስ የሮማው የወርቅ ሳንቲም የሶሊዱስ ሲሶ ነው፤ ክብደቱ 1.5 ግራም ገደማ። ቪዚጎቶች መጀመሪያ በቢዛንታይን ነገሥታት ስም ይመቱ ነበር፤ የራሱን ስም በወርቅ ላይ ያስቀረጸው ንጉሥ ሌዎቪጊልድ ነው (568–586)። የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ ይህን ያደረገው ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል! በ7ኛው ክፍለ ዘመን ግን ወርቁ ውስጥ የሚደባለቀው ብር እየበዛ ሄዶ፣ በንጉሥ ኤጊካና በልጁ በዊቲዛ ዘመን ግማሽ ያህሉ ብር የሆነ ሳንቲም ብርቅ አልነበረም።

ወርቅ ቤት ወስደው በድንጋይ አያሳሹት። ሳንቲሙ ስስ ስለሆነ ይጎዳል፤ ደግሞም አፈር ውስጥ ሲቆይ ከላይኛው ገጽ ብሩ ስለሚታጠብ የገጹ ወርቅ ከውስጡ የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ይልቅ በውኃ ይመዝኑት። እስከ 0.001 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። የደረቅ ክብደቱን ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር ያካፍሉ፤ ውጤቱ እፍጋቱ ነው፣ ወርቁ በበዛ ቁጥርም ከፍ ይላል። 1.50 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውኃ ውስጥ ሚዛኑ ላይ 0.078 ያሳያል፤ ግማሽ ወርቅ ግማሽ ብር 0.110። በ0.01 ሚዛን ይህን ልዩነት አያምኑትም፤ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋም ውጤቱን ታበላሻለች፣ ስለዚህ ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ። መዳብ ካለበት ስሌቱ ይዛባል፤ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ፍርዱ ያለው ፊደሉ ላይ ነው። በ10 እጥፍ ማጉያ ይዩት፦ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ የደነዘዙ ፊደላትና ጠርዙ ላይ የሞረድ ምልክት ካለ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። ይህን ማለፉ ግን አያዝናናዎት። በ1830 እ.ኤ.አ. የሞተው ጀርመናዊው ሐሰተኛ ሳንቲም ሠሪ ካርል ቪልሄልም ቤከር የቪዚጎት ሳንቲሞችን ራሱ በቀረጸው ብረት፣ በእውነተኛ ወርቅ መትቷል። እነዚያ በክብደትም በማጉያም ያልፋሉ፤ የሚያጋልጣቸው ከታወቁት የቤከር ማተሚያዎች ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን የሁለቱንም ገጽ ግልጽ ፎቶ ይጠይቁት፤ ካልሰጠ አይግዙ።