መልስ፦ «ሬፋን» የሚባለው ጣዖት ከየት መጣ?

«እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ 7፥43 ሬፋን ይላል፤ የአሞጽ 5፥26 ዕብራይስጥ ግን ኪዩን ይላል፤ ሁለት አማልክት ናቸው ወይ?» ላልከው፣ አይደሉም። አንድ ናቸው፤ ስሙ ነው መንገድ ላይ የተበላሸው።

መነሻው ባቢሎን ነው። ሳተርን የምትባለውን ፕላኔት በአካድኛ (በጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ) «ካያማኑ» ይሏት ነበር፤ «የማይናወጥ» እንደማለት። ቀርፋፋ ፕላኔት ናት፣ ፀሐይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ስሙ ወደ ዕብራይስጥ ሲገባ «ካይዋን» ሆነ። ፋርሶች እስከ ዛሬ «ኬይቫን» ይሏታል። «ኪዩን» የሚለው ንባብ ደግሞ የማሶራውያን (በዕብራይስጡ መጽሐፍ ተነባቢዎች ላይ የአናባቢ ምልክት የጨመሩ አይሁድ ሊቃውንት) ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ «ሺቁጽ» (ርኩስ) ከሚለው ቃል አናባቢዎቹን ወስደው አለበሱት። ስድብ መሆኑ ነው!

ታዲያ «ሬ» ከየት መጣ? የዕብራይስጡን ካፍ (כ) እና ሬስ (ר) ጎን ለጎን አስቀምጠህ እያቸው። የካፍ የታችኛው መስመር ከደበዘዘ ሬስ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንት የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (የጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን) ላይ «ካይዋን» «ራይፋን» የሆነው በዚህ ዓይነት ስህተት ነው ይላሉ፤ «ዋ»ም «ፋ» ሆነች። «ራይፋን» ከግብፅ የመጣ የሳተርን ስም ነው የሚል የቆየ ግምት አለ፣ እኔን ግን አላሳመነኝም።

ከዚያ በኋላ ገልባጮቹ ራሳቸው ተምታታባቸው። በግሪክ ብራናዎች ሬፋን፣ ሬምፋን፣ ሮምፋ እየተባለ ተጽፎ ታገኘዋለህ። እስጢፋኖስ የጠቀሰው የግሪኩን አሞጽ ስለሆነ፣ ስሙን እዚያ በተጻፈበት መልክ ነው ያገኘነው።