ያረጀ የፊልም ካሜራ ይዛችሁ ወደ ወሎ ለመምጣት ላሰባችሁ

ለገና ወደ አገር ቤት ለመምጣት ትኬት የቆረጡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አዘውትረው ከሚያማክሩኝ ጉዳዮች አንዱ፣ በኢንተርኔት ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ያዩትን ሜካኒካል የፊልም ካሜራ ይግዙ ወይስ ይተዉ የሚለው ነው። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ፊልም አንስታችሁና አሳጥባችሁ ውጤቱን የምታዩበት ጊዜ አላችሁ? ከሌላችሁ ዘንድሮ ይቅርባችሁ።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት፣ በጀርመን ስኖር፣ «ምንም እንከን የለበትም» የተባለ ካሜራ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ጊዜው ኅዳር ስለነበረና የዚያ አገር የኅዳር ሰማይ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ጨፈገገ ስለሚውል፣ የሞከርሁት በ1/60 እና በ1/125 ሰከንድ ፍጥነት (ፊልሙ ለብርሃን በሚከፈትበት ጊዜ) ብቻ ነበር፤ ፎቶዎቹም ጥሩ ወጡ። ይዤው መጥቼ ሰኞ ዕለት ወደ ባቲ ገበያ ወረድሁ። የባቲን ፀሐይ ለምታውቁት መንገር አያሻኝም፤ የጫንሁት ፊልም ብርሃን ቶሎ የሚቀበለው ባለ 400 (ISO) ስለነበረ ፍጥነቱን 1/1000 ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ሳነሣ ዋልሁ። ተመልሼ ሳሳትመው የእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ጎን ጥቁር ነበር። ግመሉ ግማሽ፣ ነጋዴዋም ግማሽ።

ምክንያቱን በኋላ የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ካሜራ ጠጋኝ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርዱ ሁለት መጋረጃዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ሲከፍት ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ ከፍ ሲል በመካከላቸው የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ብቻ ስለሆነ፣ ቅባቱ ደርቆ የመጀመሪያው መጋረጃ ጥቂት እንኳ ከዘገየ ሁለተኛው ደርሶበት ክፍተቱን ይደፍነዋል። በዝግታ ሲነሣ ግን ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ጉድለቱ አይታይም። የጀርመን ደመና የሸሸገልኝን ጉድ የባቲ ፀሐይ አወጣው ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ስትሞክሩ ብሩህ ቀን ጠብቃችሁ፣ ከፍተኛውን ፍጥነት ሳትዘነጉ ሞክሩት።

ዝግተኛውም ወገን ይፈተሽ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ ለምሳሌ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ብርሃኑ በጠባብ መስኮቶች ሾልኮ የሚገባ ስለሆነ 1/15 ሰከንድ ወይም ከዚያ የዘገየ ፍጥነት ያስፈልጋችኋል፤ ፍላሽ ማብራት ደግሞ በጸሎት ላይ ባለ ሰው ፊት ነውር ነው። ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ በውስጡ ያለው የጥርስ ማርሽ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ድምፅ ማሰማት አለበት። መሃል ላይ የሚንቀራፈፍ ወይም የሚቆም ከሆነ ጥገና ይሻል፤ የጥገናው ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል።

የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ ዳር ዳሩን ስትነኩ ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ በጣታችሁ ላይ ቢጣበቅ አብሽሩ፤ ያረጀ ስፖንጅ ብርሃን ቢያስገባም በቀላሉ ይቀየራል። ሌንሱ በባትሪ መብራት ሲታይ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለበት ግን ተዉት።

በወጣቶች ዘንድ የሚፈለገው ካነን ኤ ኢ 1 እና ፔንታክስ ኬ 1000 ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረቡ ናቸው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ባለ 6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ጨርሶ አያነሣም፣ ሁለተኛው ግን ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ግሸን ወጥታችሁ ባትሪ ቢያልቅባችሁ የትኛውን እንደምትመርጡ ግልጽ ነው። እንደ ኦሊምፐስ ኦ ኤም 1 ያሉት ደግሞ የተሠሩት ዛሬ ለማይሸጠው የ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ስለሆነ፣ ተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ሲገባባቸው መለኪያቸው ሊዋሽ ይችላል። በጠራራ ፀሐይ መለኪያም አያስፈልግም፤ ባለ 400 ፊልም ከሆነ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ 16 (f/16) ላይ፣ ፍጥነቱን 1/500 ላይ ማድረግ ይበቃል።

ፊልሙን በምንም ምክንያት ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አትላኩት፤ የዚያ ጨረር ያበላሸዋል። በእጃችሁ ይዛችሁ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ በትሕትና ለምኑ፤ አዲሶቹ ሲቲ (CT) የሚባሉት የጨረር መፈተሻዎች የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያለውንም አይምሩምና። እጠበቱን በተመለከተ ደሴ ላይ አትተማመኑ፤ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። ያነሣችሁትን ይዛችሁ ተመለሱና እዚያው አሳጥቡ። ውጤቱ በሳምንታት የሚዘገይ ስለሆነ የእናታችሁንና የአያታችሁን ፎቶ በስልካችሁም ደግማችሁ አንሡ።

ያነሣችኋቸውን ሰዎች ድርሻም አትርሱ፤ አሳትማችሁ ላኩላቸው። ባቲ ያነሣኋቸው ቡና ነጋዴ እናት በተገናኘን ቁጥር «አንተው ልጄ፣ ያ ፎቶዬ የት ደረሰ?» ይሉኛል። በእጄ ያለው ግማሹ ነው።