ስለማያመኝ ብተወው ችግር አለው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እድሜዬ 24 ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ባጃጅ ነው ምሰራው። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ገላዬን ስታጠብ ቀኝ የዘር ፍሬዬ ላይ ሽምብራ ምታህል ጠንካራ ነገር ነካሁ፣ ስጫናት ስለማታመኝ ተውኳት። አሁን ግን ጨምራለች መሰለኝ፣ ከበድ ከበድም ይለኛል። ፋርማሲ ሄጄ ስናገር ኢንፌክሽን ነው ተብሎ የሚዋጥ ተሰጠኝ፣ ጨረስኩት ግን ለውጥ የለውም። ጓደኞቼ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ስለምትቀመጥ ነው ይሉኛል፣ አንዱ ደግሞ ቡአ ነው አለኝ፣ እናቴ ብትሰማ ጸበል ነው ምትወስደኝ። ክሊኒክ ገብቼ ነርሷ ሴት ብትሆን እንዴት ብዬ ሱሪዬን እንደማወልቅ አላውቅም። ከጥር በኋላ ደግሞ ልንጋባ ነው፣ ቢቆረጥ ልጅ አልወልድም ማለት ነው?
(ስሜ ይቆይልኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ወንድሜ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፣ በዚህ ሳምንት ሂድና ፍሬህን አልትራሳውንድ ተነሳ። ካንሰር ነው እያልኩህ አይደለም፣ ሳላይህ እንደዛ ልልህ አልችልም። እዛ ቦታ ላይ ብዙ ነገር ያብጣል፣ ፍሬው ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም ስር ያብጣል፣ ጓደኛህ እንዳለውም ቡአ ሊሆን ይችላል። ግን አንተ የጻፍክልኝ ጠንካራ፣ ፍሬው ላይ ያለ፣ የማያም፣ መድሃኒት ተወስዶበት ያልጠፋና እየጨመረ ያለ ነገር ነው፣ እንዲህ አይነቱ ደግሞ ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ በቸልታ አይታይም።

ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ "ስለማታመኝ ተውኳት" ያልከው ነው። እኛ ጋ ህመም ካልጣለን ሀኪም ቤት አንሄድም፣ ቢያምህ ኖሮ በማግስቱ ሄደህ ነበር። የፍሬ ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ እብጠት ወይም ክብደት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ብሽሽቱ ወይ የታችኛው ሆዱ አካባቢ ደነዝ ያለ ህመም። ቆይቶ ሆድ ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች ሲሄድ ወገብ ያማል፣ ሳንባ ሲገባ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይመጣል፣ ሆርሞን የሚያመነጨው አይነት ከሆነ የወንዱ ጡት ሊያብጥ ወይ ሊያመው ይችላል፣ ወጣቱም ወገቤን ብሎ ማስታገሻ እየዋጠ ፍሬው ላይ ያለውን እብጠት ለማንም ሳይናገር ወራት ያልፋል።

ካንሰር ሲባል የሽማግሌ በሽታ ይመስለናል። ይሄኛው ግን በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ባለው እድሜ ነው። በአጠቃላይ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ በሽታ አይደለም፣ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ከአውሮፓ ያነሰ ነው የሚታየው፣ ግን ይይዛል። ኳስ የምታይ ከሆነ የአይቮሪኮስቱን ሴባስቲያን ሃለር ታውቀዋለህ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ክለብ ዶርትሙንድ በገባ በሳምንታት ውስጥ ፍሬው ላይ እጢ ተገኘበት፣ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ወሰደ፣ በጥር 2023 ወደ ሜዳ ተመለሰ፣ በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ናይጄሪያን ያሸነፉበትን ጎል ያገባው እሱ ነው። ያን ጨዋታ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ስናይ ይሄን ታሪኩን ስንቱ ወጣት ያውቅ እንደነበር እንጃ፣ ቢወራ ደስ ይለኝ ነበር።

በጊዜ ከተደረሰበት ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ተሰራጭቶ እንኳን ብዙዎች የሚድኑበት ካንሰር ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲስፕላቲን የሚባለው መድሃኒት ከመጣ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ቶሎ ስትሄድ ግን ህክምናው ቀላል ይሆናል፣ አንዳንዱ ሰው ኦፕራሲዮኑ ብቻ ይበቃዋል፣ የዘገየው ለወራት ኬሞ ይወስዳል።

ባጃጅ ላይ መቀመጥ አያመጣውም። ኳስ ስትጫወት መመታትም አያመጣውም፣ ሰው ሲመታ ስለሚነካካው ነው የነበረውን እብጠት ያኔ የሚያገኘው። ከሰው ሰው አይተላለፍም፣ ከሩካቤም ጋር አይገናኝም። በደንብ የሚታወቀው አጋላጭ ነገር ሲወለዱ ያልወረደ ፍሬ፣ አባት ወይ ወንድም ላይ መገኘቱ፣ እና ከዚህ በፊት አንዱ ፍሬ ላይ መያዝ ነው።

አካሄዱን ልንገርህ። ወረዳህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ የጤና መድህን ካርድ ካለህ ያዝ፣ ሪፈር ካስፈለገ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብህ ነው። ካርድ ክፍል ሰው እየሰማ ምንህን ነው ሲሉህ "ለሀኪሙ ነው ምናገረው" በል ይበቃል። ወንድ ባለሙያ ይየኝ ማለት መብትህ ነው፣ ከሌለ ግን ሴቷም ብታይህ ለሷ የየቀን ስራዋ ነው፣ በዚህ ምክንያት ተመልሰህ እንዳትወጣ አደራ። አልትራሳውንዱ ከላይ ቅባት ቀብተው በመሳሪያ ማየት ነው፣ አያምም። አጠራጣሪ ነገር ካዩ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች የሚባሉ የደም ምርመራዎች ያዙልሃል፣ ቤታ ኤችሲጂ የእርግዝና ምርመራ ላይ የሚታየው ሆርሞን ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ስታየው እንዳትደነግጥ። አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ማንም እብጠቱን በመርፌ ልውጋው ቢልህ መጀመሪያ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሀኪም) ይየኝ በል። ሌላ ቦታ ላይ ያለ እብጠት በመርፌ ይመረመራል፣ ፍሬ ላይ ግን ካንሰር ከተጠረጠረ በቆዳው በኩል አይወጋም፣ በብሽሽት በኩል ፍሬው ወጥቶ ነው የሚመረመረው። ካንሰር ሆኖ ቀጣይ ህክምና ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ ወይ ጳውሎስ ሊልኩህ ይችላሉ።

ስለ ልጁ፣ አንድ ጤነኛ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፣ ትወልዳለህ፣ ድምጽህም ጺምህም ወንድነትህም አይቀየርም። ዘር ሊቀንስ የሚችለው ኬሞው ነው፣ ስለዚህ ኬሞ ከታዘዘልህ ከመጀመርህ በፊት ዘርህን ወስዶ አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሀኪምህን ጠይቀው። እጮኛህን ደግሞ ንገራት፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላል፣ ሪፈር ይዘህ ስትንከራተትም ብቻህን አትሆንም። እናትህ ጸበል ልውሰድህ ካሉ ተጠመቅ፣ ግን የሀኪም ቀጠሮህን ለጸበል ብለህ እንዳታሳልፍ። ውጤቱን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 አመቱ ነው፣ አንዱ ፍሬው አይታይም። አማቴ ሲያድግ ይወርዳል፣ ያባቱም እንደዛ ነበር ይላሉ። ልጠብቅ?
(እናት፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ እህቴ አትጠብቂ። በራሱ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወሩ ነው፣ ኦፕራሲዮኑም ቢሆን ከ6 ወር እስከ አመት ተኩል ባለው ቢሰራ ነበር የሚመረጠው። አሁንም አልረፈደም፣ ግን ሌላ አመት አትጨምሪበት። ሞቅ ባለ ውሃ ስታጥቢው ወርዶ የሚታይ ከሆነ ወጣ ገባ የሚል ፍሬ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቀለል ይላል፣ ያም ሆኖ የህጻናት ሀኪም ይየው። ያልወረደ ፍሬ ሲያድግ ለካንሰር የመጋለጥ እድሉን ይጨምራል፣ ለመውለድም ሊያስቸግረው ይችላል፣ ጉርምስና ሳይደርስ ከተሰራለት ግን አደጋው ይቀንሳል። አማትሽን አታስቀይሚያቸው፣ ያባቱም እንደዛ ከነበረ እንዲያውም ለሀኪሙ ንገሪው፣ ይጠቅመዋል። ልጁ ሲጎረምስ ደግሞ ኦፕራሲዮን እንደነበረው ይወቅ፣ እራሱን እየዳሰሰ እንዲከታተል።

ጥያቄ፦ 19 አመቴ ነው፣ ግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል፣ በሽታ ነው? እንዴትስ ነው እራሴን ማየው?
(ተማሪ፣ ከሰበታ)

መልስ፦ በሽታ አይደለም፣ ብዙ ወንድ ላይ አንዱ ዝቅ ይላል፣ ትንሽ የመጠን ልዩነትም ያለ ነው። በሞቀ ውሃ ከታጠብክ በኋላ ቆዳው ሲላላ፣ አንድ በአንድ በአውራ ጣትህና በሌሎቹ ጣቶችህ መሃል ቀስ አድርገህ አንከባለው። ከኋላ በኩል ለስለስ ያለ ገመድ መሳይ ነገር ታገኛለህ፣ እሱ የዘር መተላለፊያው ነው፣ እንዳትፈራው። በየቀኑ መነካካት አያስፈልግም፣ ጭንቀት ነው ሚሆንብህ፣ አልፎ አልፎ ዳስሰህ የራስህን ካወቅከው ሲቀየር ትለየዋለህ። አዲስ እብጠት፣ መጠጠር ወይ ክብደት ካገኘህ ሀኪም ጋ ሂድ።

ከዚህ የተለየ አንድ ነገር አለ፣ በድንገት ፍሬህን ኃይለኛ ህመም ከያዘህ፣ በተለይ ካስመለሰህ፣ ፍሬው ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፣ ካንሰር አይደለም ግን ፍሬውን ለማዳን ያለህ ጊዜ 6 ሰአት ገደማ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅስና ኦፕራሲዮን የሚሰራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ።